ሻርክ ታቅፌ ወደ ባሕር ዳር

እኔ ስፈራ የኖርሁ ሰው ነኝ። መብረቅ እፈራለሁ። የመብራት ሽቦ እፈራለሁ። ባጃጅ ኩርባ ላይ ዘንበል ሲል ዓይኔን ጨፍኜ የአካባቢውን ታቦት ሁሉ በየተራ እጠራለሁ። ልጄ «እምዬ፣ አንቺ እኮ ከጥላሽ ጋር ተስማምተሽ አታውቂም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን ያን ሰውን አጋድሞ የሚውጠውን የሐኪም ማሽን ነበር።

ምክንያት አለኝ። ታላቅ እህቴ ሆዷን ታማ ወደ ትልቅ ከተማ ወሰዷትና በዚያ ማሽን አሳለፏት። ስትሄድ በእግሯ ነበር። ስትመለስ ሰው ደግፏት ነው ከመኪና የወረደች። ብዙም አልቆየችልን። ሐኪሞቹ በሽታው ከገፋ በኋላ ነው የመጣችው ብለዋል። እኔ ግን ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ሌላ ነገር አሰብሁ። ማሽኑ ባይፈልገው ኖሮ በሽታውም ተኝቶ ይኖር ነበር አልሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣለት ጥልቅ ይመስለዋል።

እናም እኔን በቀኝ ጎኔ በኩል ሕመም ሲጀምረኝ ለማንም አልተናገርሁም። ፌጦ በላሁ፣ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ፣ ጠበል ተጠመቅሁ። ሕመሙ ይሄድና ይመለሳል፤ ሲመለስ ወለሉ ላይ ያንከባልለኛል። አንድ ቀን ልጄ ስንከባለል ደረሰችብኝ። ወዲያው ፍኖተ ሰላም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰ፣ በትንሿ ቴሌቪዥን አየ፣ አሁንም አየ። ከዚያ «እናቴ፣ እዚህ ጥርት ብሎ አይታይም። ባሕር ዳር ሂደው ሲቲ ስካን ይነሱ» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?» አልሁት።

«ተኝተው የሚገቡበት ማሽን ነው» አለኝ። በቃ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ እኔና ልጄ ሰላም አጣን። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። አባቷ ካለፈ ጀምሮ እኔና እሷ ብቻ ነን። ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። በየሳምንቱ እኔ ወዳለሁበት ወደ ቡሬ ብቅ ትልና «እምዬ፣ እንሂድ» ትላለች። እኔ «ብሄድና ብሞት ብቻሽን ትቀሪያለሽ» እላለሁ። እሷ «ሳትሄጂ ብትሞቺስ ከማን ጋር ልቀር ነው?» ትላለች። እንዲህ ተባብለን እሷ ጓዳ እኔ ደጅ ሆነን እናለቅሳለን።

አንድ ቅዳሜ ግን ልጄ ክዳን ያለው ሰማያዊ ባልዲ ይዛ መጣች። ስለ ማሽን አንድም ቃል አልተናገረችም። ባልዲው ሲከፈት ዓይኔ በእንባ ተሞላ፤ ከሐዘን አይደለም፣ ከሽታው ነው። ድመቴ አንዴ አሸተተችና እስከ ማግሥቱ አልተመለሰችም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሻርክ ነው፣ እምዬ። ዓሣ ነው።»

«ከጣና ነው? ለጾም አመጣሽልኝ?»

«ኧረ በስመ አብ! እንዳትነኪው! መርዝ ውስጥ የኖረ ነው። የጨው ባሕር ዓሣ ነው። ድሮ ባሕር በነበረን ጊዜ ከምጽዋ ነው ያመጡት። እስካሁን ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ በጠርሙስ ቆሞ ኖረ።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ርዝመቱ ክንድ ያህላል። አፉ ከፊቱ ሳይሆን ከሥሩ ነው፤ አቤቱታ ሊያቀርብ መጥቶ ሰሚ ያጣ ሰው ይመስላል። ዓይኑ ትልቅ ነው፣ አይጨፈንም። ልጄ ጓንት አጥልቃልኝ ቆዳውን አስነካችኝ። ከራስ ወደ ጅራት ስሄድ ልስልስ ይላል፤ ከጅራት ወደ ራስ ስመለስ እንደ ሞረድ ይፍቃል።

«ቆዳው ላይ ያለው ሁሉ ጥቃቅን ጥርስ ነው» አለችኝ።

«አፉ ውስጥ ያለው አልበቃው ብሎ?»

ልብስ የማጥብበትን ሳፋ ወሰደችብኝ። መድኃኒቱ እስኪለቀው በንጹሕ ውኃ እየለወጥን መዘፍዘፍ አለብን አለች። ከዚያ ባሕር ዳር ወስዳ እዚያው ማሽን ውስጥ ልታስገባው ነው። ለመመረቂያዋ የምትሠራው በእሱ ላይ ነው።

«ዓሣውን ምን አሞት ነው?» አልሁ።

እንደ ተማሪዎቿ ቁጭ አደረገችኝ። «ጆሮሽን ያዥው» አለች። ያዝሁ። «እጠፊው። ልቀቂው። ተመለሰ አይደል? የእሱ አጥንት ሁሉ እንደ ጆሮሽ ነው። ደረቅ አጥንት የሚባል ነገር የለውም። መሬት ውስጥ ቢቀበር ይበሰብሳል እንጂ እንደ ሌላው እንስሳ ዐፅሙ አይቆይም። ስለዚህ የጥንቶቹን ለማወቅ ያሉትን አጥብቆ ማየት ያስፈልጋል። በቢላ እንዳልከፍተው ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ተበላሸ። ማሽኑ ግን ሳይነካው በስሱ በስሱ እየከተፈ ያሳየኛል።»

«ይከትፋል?!» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«በፎቶ፣ እምዬ! በፎቶ ነው የሚከትፈው!»

ከዚያ ዘሩ ዛፍ የሚባል ነገር ምድር ላይ ሳይበቅል የነበረ ነው አለችኝ። የእኛ መንጋጋም ከጥንት ዓሦች ጉሮሮ ነው የመጣው ይባላል፤ የእሱን አሠራር ስናይ የእኛ ከየት እንደመጣ እንረዳለን አለች። የአንቺ መንጋጋ ከየት እንደመጣ ማሽን ሳያስፈልገኝ አውቃለሁ፣ በአባትሽ በኩል ነው አልኋት። ዘመኑ ግን ከነከነኝ። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ሳስበው ዋልሁና ስመለስ ነገርኋት።

«ዓሣ የተፈጠረው ሐሙስ ነው። አዳም የተፈጠረው ዓርብ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ይበልጠናል። እውነትሽን ነው፣ ታላቃችን ነው።»

ልጄ «በቃ እንደዚያ ይሁን» አለች።

እኔ ደግሞ ለታላቅ አንቺም አንተም አልልም፤ አላደግሁበትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአንቱታ ሆነ። ውኃ ስለውጥ «ይቅርታዎን፣ ትንሽ ገለበጥ ይበሉልኝ» እላለሁ። ሌሊት ድመቷ ተመልሳ እንዳትጎትታቸው ሳፋውን በምጣድ አክንባሎ ከደንሁላቸው። ጠዋት ስከፍት ዓይናቸው እኔው ላይ ነው። «እንደምን አደሩ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ሰኞ ማታ ልጄ ዋናውን ነገር አመጣችው። ጠዋት ልንሄድ ነው አለች።

«ልንሄድ ነው? እኔ ምን ልሠራ?»

«የሚታቀፍልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ዕቃ ነው ካልን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ይጭነዋል። ድንች ላዩ ላይ ከወጣበት ይጣመማል፣ ከተጣመመ ፎቶው ዋጋ የለውም። እኔ ኮምፒውተሩን ይዣለሁ። አንቺ ታቀፊልኝና እንመለሳለን።»

ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትዋሽ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያልባታል። ፋኖስ ሳያስፈልገኝ ላቧን አየሁት። ገባኝ። እኔ እንደገባኝ ግን አላሳየኋትም። በልቤ ታቅፌ እሄዳለሁ፣ በር ላይ እቆማለሁ፣ ታቅፌ እመለሳለሁ ብዬ ወሰንሁ። ሌሊቱን ጎኔ ሲወጋኝ አደረ።

ማክሰኞ ማለዳ ልጄ አዛውንቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለቻቸው። በላዩ ላስቲክ አደረገች። በላስቲኩ ላይ ደግሞ ለሽታው ብላ እሷ ራሷ ታቅፋ ያደገችበትን አሮጌ የሕፃን ብርድ ልብስ ደረበችበት። ስታቀፋቸው ክንዴ የቆየ ነገር አስታወሰና በራሱ ወዝወዝ ማለት ጀመረ።

ቡሬ መናኸሪያ ረዳቱ «ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ መኪናው ግን ግማሹ ባዶ ነው። ከፊታችን ያለውን ሰውዬ «ቅሉ ከነቅቤው ጣሪያ ላይ! ውስጥ ዕቃ አይገባም!» ብሎ አንባረቀበት። ወደ እኛ ዞረ። እኔን ከነጥቅሌ አየ፤ አጠገቤ እንቅልፍ ያጣችውን፣ ፊቷ የገረጣውን ልጄን አየ። ድምፁ ወዲያው ተለወጠ።

«ለአራስ ቦታ ልቀቁ! ኧረ ሼም ነው፣ ለአራስ ልቀቁ!»

ልጄ ልታስተባብል ስትል ክንዷን ቆነጠጥኋት። ዕቃ ነው ብንል ጣሪያው አለ። ሁለት ጎረምሶች ተነሡና የመስኮቱ ቦታ ተሰጠን።

አጠገባችን አንዲት የእህል ነጋዴ ተቀመጠች። በዓይን እንተዋወቃለን፤ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጣ የምታወራው እሷ ናት። ልጄ አለማግባቷን ቡሬ ሁሉ ያውቃል። ሴትዮዋ ጥቅሉን አየች፣ ልጄን አየች፣ እኔን አየች። ከንፈሯን ከመምጠጧ በፊት ትንሽ እንኳን አላሰበችም።

«እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አካላቴ። ወንድ ነው ሴት?»

እኔ «እስካሁን አልለየንም» አልሁ። ከድንጋጤ ነው።

«ሴት ናት» አለች ልጄ ፈጥና። እሷ ለካ ታውቃለች።

«አትጠባም እንዴ? ድምፅዋም የለ።»

«ተኝታለች» አልሁ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«መድኃኒት ነው።»

«ኧረ! ታማ ነው?»

«ለማሽን ነው የምንወስዳት» አልሁ። እዚህ ላይ አልዋሸሁም።

«ይህችን ጭብጥ የማታህል!» ብላ ደረቷን መታች። ነገሩ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ። ከኋላ ወንበር ወደ ሾፌሩ መጣ። ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። መኪናው ጉድጓድ ሲዘል ተሳፋሪው ሁሉ «ቀስ በል! ሕፃን ታማለች!» ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ የተነዳ ሚኒባስ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ከፊት ወንበር አንድ ቄስ ነበሩ፤ ባዶ ጀሪካን ይዘው ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል የሚሄዱ። ዘወር ብለው መስቀላቸውን ከካባቸው አወጡ።

«ሕፃኗን ወዲህ በያት፣ ልጄ። ላሳልማት።»

ለቄስ እምቢ ይባላል? ብርድ ልብሱን እንደያዝሁ አስጠጋሁ። እሳቸው በመስቀሉ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ፊቷን ሊገልጡ ጣታቸውን ሰደዱ። ላስቲኩ ተቀደደ፣ ጨርቁም ፈቀቅ አለ። ጣታቸውን መለስ አድርገው አዩት፤ ጫሯቸዋል።

«ይህች ሕፃን ጥርስ አላት?» አሉ፣ በቅዳሴ ድምፃቸው።

ከኋላ ያሉት አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«አላት፣ አባቴ።»

«ስንት ቀኗ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ አባቴ። ሐሙስ ነው የተፈጠረችው።»

«ባለፈው ሐሙስ?!»

ነጋዴዋ «በጌታ!» አለች። ከኋላ አንዱ በአምስት ቀኑ ጥርስ ያወጣ ሕፃን አያቱም ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረ። ልጄ ፊቷን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ነጋዴዋ የምታለቅስ መስሏት ጀርባዋን ታሻሻታለች። የምትስቀውን ልጄን እኔ አውቃታለሁ።

ቲሊሊ ስንደርስ ቄሱ ሊወርዱ ተነሡ። ቄስ አታልዬ ማደር አልቻልሁም። ጆሯቸው ሥር ገብቼ «አባቴ ይፍቱኝ፣ ሕፃን አይደለችም፣ ዓሣ ናት» አልሁ።

እኔን አዩ። ጥቅሉን አዩ። ጣታቸውን አዩ።

«ዓሣ?»

«የባሕር። ለትምህርት ነው። ጣሪያ ላይ እንዳይጭኗት ብለን ነው።»

«ቅርፊት አላት?»

«ቆዳዋ ሁሉ ጥርስ ነው ይላሉ።»

«እንግዲያ አትብሏት» አሉና ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ለዓሣ ነው እንግዲህ እንዲህ የምትንቀጠቀጭው?»

«አይደለም። እኔም ማሽኑ ውስጥ ልገባ ነው። ፈርቼ ነው።»

ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥሁ። ለልጄ እንኳን ያላልሁትን ነው የተናገርሁት።

ቄሱ ጀሪካናቸውን አስቀመጡና መስቀሉን መልሰው አወጡ። «ቅድም ለእሷ የባረክሁት ላንቺ ይሁን። እሷ ምን ታደርግበታለች» ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝና ወረዱ። ነጋዴዋ ደግሞ ኮሶበር ወረደች። እግሯ መሬት ሳይነካ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነበር።

ባሕር ዳር የምርመራው ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ተቀምጧል። የልጄ መምህር አስቀድመው ተነጋግረውላት ስለነበር በምሳ ሰዓት ክፍተት አስገቧት። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጥቅሉን ስንፈታ አዩና ምርኩዛቸውን ወለሉን መቱበት።

«ምን ዘመን ላይ ደረስን! ዓሣ ወረፋ ይቀድመኝ?»

«አባቴ፣ ሐሙስ የተፈጠሩ ናቸው» አልኋቸው። «እርስዎም እኔም የዓርብ ነን። ታላቅ ይቅደም።»

ሽማግሌው «ሐሙስስ ከሆኑ ይግቡ» አሉ።

ማሽኑን አየሁት። ነጭ ነው፣ መሐሉ ክብ ቀዳዳ ነው። አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ነገር። አዛውንቷ ትንሽዬ ሆነው በዚያ ትልቅ አልጋ ላይ ተጋደሙ። እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ ከልጄና ከባለሙያው ጋር ቆምሁ። ባለሙያው ገና ወጣት ነው። «እንደዚህ ያለ ታካሚ ገጥሞኝ አያውቅም» ይላል። «አይንቀሳቀሱ ብዬ መለመን የለ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ ማለት የለ። ሁሉም እንደሳቸው ቢሆን!»

ማሽኑ እንደ ወፍጮ አጓራ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ ግራጫ ጥላ መጣ። ልጄ በጣቷ ታሳየኛለች፤ ይሄ መንጋጋው፣ ይሄ ጉሮሮው፣ ይሄ የጀርባው ሰረሰር። ሰረሰሩ እንደ ዶቃ ክር ነው፣ ተራ በተራ ተሰክቶ። የጎድን አጥንት ብፈልግ አጣሁ። ባለሙያው ወደ ሆድ ወረደ።

ልጄ አፍንጫዋን ኮምፒውተሩ ላይ ልትለጥፈው ደረሰች።

«ቆይ። መልሰው። መልሰው!»

በትልቁ ሆድ ውስጥ ሌላ የዶቃ ክር አለ። ቀጭን፣ እንደ ማተብ ክር የቀጠነ። አጠገቡ ሌላ። ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን አድርገው እንደተኙ ልጆች የተደረደሩ አራት ትናንሾች።

«ነፍሰ ጡር ናት!» ብላ ጮኸች። «እምዬ፣ ልጆች አሏት! ይህን ሁሉ ዘመን ጠርሙስ ውስጥ! ማንም አላየም! ብከፍታት ኖሮ አበላሽቻቸው ነበር!» ባለሙያውን አቀፈችው፣ እኔን አቀፈችኝ፣ ከበር ውጪ የነበሩትን ሽማግሌ ልታቅፍ ወጣች። ለትምህርቷ ምን ማለት እንደሆነ በኋላ አስረዳችኝ። እናት ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ መንጋጋው ገና ሲሠራ ነው አለች፤ ዘሩ እንዴት እንደመጣ ለሚፈልግ ሰው ከአንድ ዓሣ አምስት አገኘ ማለት ነው።

እኔ ግን ያኔ ያሰብሁት ሌላ ነው። እኚህ ሴትዮ አራት ልጅ በሆዳቸው ይዘው ተማሪ ሲያላግጥባቸው መደርደሪያ ላይ ቆመው ኖሩ። እኔም ሁለት ቀን አንቱ ስል «ልጆችዎ ደኅና ናቸው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ይህን የነገረን የምፈራው ማሽን ነው። እሱ የሚያገኘው ሞት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያለውን ነው የሚያሳየው፤ ልጅ ካለ ልጅ ያሳያል።

ባለሙያው አልጋውን በመድኃኒት ወለወለና «ቀጥሎ ማን ነው?» አለ።

ልጄ ሳቋ ጠፋ። ወለል ወለሉን ታያለች። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ላብ መጥቷል።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ልጄ ሳትነግረኝ ሁለት ወረፋ ነው የያዘች።»

«ታውቂ ነበር?» አለች።

«አፍንጫሽ ነግሮኛል።»

ነጠላዬን ለልጄ ሰጥቼ ተኛሁ። ማተቤን አውልቂ እንዳይለኝ በእጄ ጨብጬ ያዝሁት፤ ሆድ ስለሆነ ግድ የለም ይቆይልዎት አለኝ። አልጋው ወደ ቀዳዳው ሄደ። ከላይ አንድ ድምፅ በፈረንጅኛ አዘዘኝ። ምን እንዳለኝ ሳላውቅ አንገቴን ቀና ሳደርግ ልጄ በመስተዋቱ ማዶ ጉንጯን ነፍታ ስትጠብቅ አየኋት። እኔም ጉንጬን ነፋሁ። ሁለታችን በመስተዋት ተያይተን እንደ እንቁራሪት ተነፋን። ሳቄ መጣ፤ መሳቅ አይፈቀድም። ምን ላድርግ ብዬ አዛውንቷን አስታወስሁ። እሳቸው ምን አደረጉ? ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ ዝም ብለው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ተኙ። እንደሳቸው አደረግሁ።

ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሐኪሟ ጠርታ አስገባችን። ልጄ እጄን ይዛለች።

«የኩላሊት ጠጠር ነው፣ እናቴ። ትንሽ ነው። መድኃኒት አዝልዎታለሁ፣ ውኃ በብዛት ይጠጡ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ደኅና አድርገሽ አይተሻል? ጥግ ጥጉን?»

«ጥግ ጥጉን አይቻለሁ።»

ልጄ እንደ ሕፃን እያለቀሰች እቅፌ ገባች። እኔም እያለቀስሁ እሳቸው አንድ እንኳን አጥንት ሳይኖራቸው እኔ ትርፍ ድንጋይ ይዤ መዞሬ ገረመኝ። ለሐኪሟ ይህን ብነግራት ምን እንደምል አልገባትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡሬ ገባን። ሰፈሬ ስንደርስ ግቢዬ በሴት ተሞልቷል። አንድ ለአምስቱ ብቻ ሳይሆን አንድ ለሃምሳው ነው የመጣው። ትልቅ ገበታ ላይ ገንፎ ተገንፍቶ፣ መሐሉ በቅቤና በበርበሬ ተሞልቶ ይጠብቃል። ልጄን ሲያዩ እልልታውን ለቀቁት። ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ ነውና ሦስቴ አሉ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«አባቱን አንጠይቅም! ልጅ ልጅ ነው!»

«ጥርሷን አሳዩን!»

ለካ ከገንፎው በላይ ያመጣቸው ጥርሱ ነው። ልጄ ጭንቅላቷን ይዛ አጥሩ ላይ ተደገፈች። እኔ ብርድ ልብሱን ገለጥሁት።

እንዲህ ያለ ጩኸት መብረቅ የወደቀ ቀን እንኳን አልሰማሁም። አንዷ እንጨት ክምሩ ላይ ወጣች። አንዷ «ማርያም! ማርያም!» እያለች ወደ በሩ ስትሮጥ ከሌላዋ ጋር ተላተመች። ከሁላችን የሚበልጡት ጎረቤቴ ብቻ ነቅነቅ አላሉም። መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይህማ ዓሣ ነው» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እና ገንፎው ለማን ሊሆን ነው?»

«ለእሳቸው ነው» አልሁ። «አራት አርግዘዋል። በማሽን አይተናል። እሳቸው ስለማይበሉ እኔ እበላላቸዋለሁ።»

ሳቁ ሲነሣ የአጥሩ ዶሮ ሁሉ በረረ። ገበታው ዙሪያ ተሰብስበን ተቀመጥን። ልጄ ፎቶውን በኮምፒውተሯ እየከፈተች አሳየቻቸው፤ «ይቺን ሦስተኛዋን እዩዋት፣ አባቷን ትመስላለች» ይባባላሉ። እኔ ትልቅ ጆግ ውኃ አጠገቤ አስቀምጬ አንዴ ገንፎ አንዴ ውኃ እላለሁ። እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም። ፍርሃት ሆድ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዞ እንደሚኖር ሲወጣ ነው የሚታወቀው።

ሰው እየሳቀ ሲበተን እኚያ ትልቋ ጎረቤቴ ቀሩ። ነጠላቸውን አሰር ፈታ አደረጉ። ብዙ ጊዜ በግራ ጡታቸው በኩል እጃቸውን ሲያደርጉ አያቸው ነበር፤ እኔም የምፈራ ስለነበርሁ ጠይቄያቸው አላውቅም።

«ያ ማሽን» አሉ ወደ መሬት እያዩ፣ «ያማል?»

«አያምም፣ እትዬ። ጉንጭ መንፋት ብቻ ነው።»

በሩ ጋ ደርሰው ዘወር አሉ።

«እኔም ዓሣ ታቅፌ መሄድ አለብኝ?»

«አይ፣ እኔን ይዘው ይሂዱ እንጂ» አልኋቸው። «ዓሣዋ ግን ብትኖር ጥሩ ነበር፤ ያለእሷ መቀመጫ አይለቁልንም።»